ወፉ የሁሉ፣ ሜዳው የአንድ ሰው

ፌዛንት የተባለውን ወፍ አይቶ የማያውቅ አንባቢ የአገሩን ቆቅ ያስብ። ሁለቱ የአንድ ዘር ሐረግ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ፌዛንት፣ በተለይም አውራው፣ ጌጥ የበዛበት መሆኑ ነው። ራሱ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ፊቱ ቀይ ነው፣ በአንገቱ ዙሪያ እንደ ማተብ የዞረ ነጭ ቀለበት አለው፣ ገላው መዳብ ይመስላል፣ ጅራቱም ረጅምና መስመር መስመር ያለበት ነው። ሴቲቱ ግን ቡናማ ናት፤ ደረቅ ሣር ውስጥ ከተኛች እግር ሊረግጣት ካልደረሰ በቀር አትታይም። ወፉ መብረር አያቅተውም፤ ምርጫው ግን ሩጫ ነው። ሰው ሲመጣ በሣሩ ሥር እየተሹለከለከ ይርቃል፤ ክንፉን የሚዘረጋው ሌላ መላ ሲያጣ ነው። ስለዚህም ያለ ውሻ እርሱን ለማደን መነሣት ሜዳ ላይ ሲንከራተቱ መዋል ነው። ውሻው በሽታ ይከተለዋል፣ ያቆመዋል፣ ያስነሣዋል፣ የወደቀውንም ፈልጎ ያመጣል። ውሻ ደግሞ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ አጥር ማንበብም አያውቅም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአሜሪካ፣ ይህ ወፍ ዛሬ እጅግ በሚታደንባቸው የመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች፣ ሕጉ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይናገራል። ዱር ውስጥ ያለ ፌዛንት የማንም የግል ንብረት አይደለም። የግዛቲቱ ሕዝብ ሁሉ ነው፤ መንግሥት የሚጠብቀውም በአደራ ነው። ከተሜው ሐኪምም፣ የሥጋ ፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ጡረተኛው አስተማሪም እኩል ድርሻ አላቸው። የአደን ፈቃዱን ገዝቶ፣ ጠብመንጃውንና ውሻውን ይዞ መሄድ ይችላል። ወዴት? እዚህ ላይ ሕጉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወፉ የሚኖረው በገበሬ በቆሎ ዳርቻ፣ በገበሬ ሣር ውስጥ፣ በገበሬ ረግረግ ነው። መሬቱ የገበሬው ነው። እንግዲህ ሰውዬው የራሱ ድርሻ ወዳለበት ለመግባት የሌላ ሰው ደጅ መጥናት አለበት። የሩቅ አገር ሰዎች ነገር ቢሆንም፣ «ደጅ መጥናት» የሚለውን ቃል የፈጠረ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያሻው አይመስለኝም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ533 ዓ.ም. የወጣው የዮስቲንያኖስ ሕግ (ዓመቶቹ፣ የእኛን ካልገለጽኩ በቀር፣ ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የዱር እንስሳ የማንም እንዳልሆነ፣ ቀድሞ ለያዘው እንደሚሆን ደንግጎ ሲያበቃ፣ ባለመሬቱ ግን አዳኝ ወደ መሬቱ እንዳይገባ መከልከል እንደሚችል አክሎበታል። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ ድረስ የሚጠቅሱት ነገር አንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አንዱ የአንቀጹን መጀመሪያ፣ ሌላው መጨረሻውን ይዞ የተጓተተበት ነው።

በዚህ ጉተታ እንግሊዝን የሚያህል አገር የለም። ኖርማኑ ዊልያም በ1066 አገሪቱን ከያዘ በኋላ ሰፋፊ አውራጃዎችን የንጉሥ ማደኛ አድርጎ ከለለ። በ1079 ገደማ የተከለለው «አዲሱ ደን» እስከ ዛሬ ስሙን እንደያዘ አለ። «ደን» ሲባል የግድ ዛፍ የሞላበት ማለት አይደለም፤ የተለየ ሕግ የሚሠራበት ምድር ማለት ነው። ሰው መንደሩና እርሻው በዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አጋዘኑ ግን የንጉሡ ነው፤ ሰብሉን ቢበላበትም እንኳ እጁን ሊያነሣበት አይችልም። በ1217 በሕፃኑ ንጉሥ በሦስተኛው ሄንሪ ስም የወጣው የደን ቻርተር፣ ከዚያ በኋላ በአጋዘን ምክንያት ማንም ሕይወቱን ወይም የአካሉን ክፍል እንዳያጣ ደነገገ። ይህን መደንገግ ካስፈለገ ከዚያ በፊት ምን ይደረግ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ያው ቻርተር ስለ ውሻ የሚለው ነው። በደኑ ክልል የሚኖር ሰው ውሻ ቢኖረው የፊት እግሩ ሦስት ጥፍሮች እንዲቆረጡ ይደረግ ነበር፤ ሮጦ አጋዘን እንዳይዝ። ምርመራው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ ጥፍሩ ያልተቆረጠ ውሻ የተገኘበት ሰው ሦስት ሽልንግ ይቀጣል። ቻርተሩ ይህን ልማድ አላስቀረውም፤ የተረከዙ ሥጋ እንዳይነካ ብሎ ልክ አበጀለት እንጂ። ሕግ አውጪዎቹ ሰውን በአዋጅ ማስፈራራት ይቻላል ብለው ያምኑ ነበር፤ ውሻን ማስፈራራት እንደማይቻል ስለገባቸው ወደ ጥፍሩ ሄዱ።

ንጉሡ ብቻውን የያዘውን በኋላ ባለርስቶቹ ተካፈሉት። በ1671 የወጣው የአደን ሕግ፣ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ የራሱ ርስት፣ ወይም 150 ፓውንድ የሚያስገባ የረጅም ጊዜ ኪራይ መሬት የሌለው ሰው ፌዛንትና ቆቅ እንዳያድን ከለከለ። በራሱ እርሻ ላይም ቢሆን! ገበሬው የዘራውን ፌዛንቱ ሲለቅምበት ቆሞ ያያል። የመኳንንቱ አደን ጠባቂዎች የድሀውን ቤት ፈትሸው ጠብመንጃ፣ መረብና አዳኝ ውሻ እንዲወስዱም ሕጉ ፈቀደላቸው። በዚያን ዘመን ለፓርላማ አባል ድምፅ ለመስጠት 40 ሽልንግ የሚያስገባ መሬት ይበቃ ነበር። አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ነውና ስሌቱን ይሥሩት፤ ቆቅ ለመግደል የሚያስፈልገው ሀብት የአገሪቱን ሕግ አውጪ ለመምረጥ ከሚያስፈልገው 50 እጥፍ ነበር። ይህን ስላቅ የተናገሩት አመፀኞች አይደሉም፤ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የእንግሊዝን ሕግ የተነተኑት ታላቁ የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን ናቸው።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። በ1828 የወጣው ሕግ በሌሊት ሲያድን ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘን ሰው ለሰባት ዓመት ከባሕር ማዶ ወደ ግዞት እስከ መላክ ይደርስ ነበር። ባለርስቶች በየጫካቸው ገመዱ ሲነካ የሚተኩስ ጠብመንጃ ያጠምዱ ነበር፤ ይህ የተከለከለው በ1827 ነው። በ1831 የሀብት መመዘኛው ቀረና ፈቃድ የገዛ ሁሉ እንዲያድን ተፈቀደ። ለጭሰኛው ግን ብዙ አልፈየደለትም፤ ባለርስቱ በኪራይ ውሉ ላይ የአደኑን መብት ለራሱ ያስቀር ነበርና። በ1880 ለጭሰኛው ጥንቸል የመግደል መብት ተሰጠው። ጥንቸል ብቻ። ፌዛንቱ የባለርስቱ ሆኖ ቀረ።

አሜሪካን የመሠረቱት ስደተኞች ይህን ሁሉ ያውቁት ነበር፤ አንዳንዶቹም ቀምሰውታል። የፔንሲልቫኒያ ሕገ መንግሥት በ1776፣ የቨርሞንት ደግሞ በ1777፣ ነዋሪዎች በራሳቸው መሬትና አጥር በሌለው በማንኛውም ሌላ መሬት ላይ በወቅቱ የማደን ነፃነት እንዳላቸው ጻፉ። ሕገ መንግሥት ውስጥ! በ1818 የሳውዝ ካሮላይና ፍርድ ቤት አንድ ባለመሬት አዳኝ እንዳይገባበት ያቀረበውን ክስ አይቶ፣ ባልታጠረ መሬት ላይ ማደን ከአገሪቱ አመሠራረት ጀምሮ የነበረ መብት ነው ብሎ ፈረደበት። መሬቱ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት፣ አጥሩም ውድ ነበርና፣ አጥር የሌለው መሬት ሁሉ የጋራ ነው ማለት በቀላሉ የሚዋጥ ነገር ነበር። (መሬቱ ከዚያ በፊት የማን ነበር የሚለውን የጠየቀ አልነበረም። በ1868 የላኮታ ሕዝብ በፈረመው ውል ላይ፣ ጎሹ ለአደን እስከበቃ ድረስ ከክልላቸው ውጭ የማደን መብታቸው ተጽፎ ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ጎሹ አለቀ፤ መብቱም አብሮት።)

ታዲያ ያ የአጥር ነፃነት ምን ዋጠው? ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው በደቡብ፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። ነፃ የወጡት ጥቁሮች ጠብመንጃና ውሻ ካላቸው፣ ጫካውም ክፍት ከሆነ፣ ሥጋቸውን ከዱር ያገኛሉ፤ ሥጋ ያለው ሰው ደግሞ በማንኛውም ዋጋ ጥጥ ለመልቀም አይሰለፍም። ስለዚህ የደቡብ ግዛቶች በየመሬቱ ያለ ፈቃድ መግባትን የሚከለክሉ ሕጎች አወጡ፣ በውሻና በጠብመንጃ ላይም ግብር ጣሉ። የ1671ዱ ሕግ ባሕሩን ተሻግሮ የቆዳ ቀለም ለውጦ መጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለተኛው ቀላል ዕቃ ነው፤ ጆሴፍ ግሊደን የተባለ የኢሊኖይ ገበሬ በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ እሾህ ሽቦ። ዛፍ የሌለው ሜዳ በርካሽ ሊታጠር ቻለ። «ያልታጠረ መሬት» የሚለው ሐረግ በሕገ መንግሥቶቹ ላይ እንዳለ ቀረ፤ መሬቱ ግን ታጠረ።

በ1896 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዱር ወፍ የግዛቱ ሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ሲል ያ ፍርድ የወጣው እንግዲህ ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ ነው። የወፉ ባለቤትነት ለሁሉ በታወጀበት ዘመን ወደ ወፉ የሚያደርሰው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ፍርዱ በ1979 በአንድ በኩል ተሽሯል፤ የአደራው ሐሳብ ግን በየግዛቱ ሕግ ውስጥ አለ።

ፌዛንቱ ራሱ አሜሪካ የደረሰው ከዚህ ሁሉ መሐል ነው። ኦወን ዴኒ የተባሉ የኦሪገን ዳኛ በሻንግሃይ የአገራቸው ቆንስል ጄኔራል ሆነው ሲሠሩ ወፉን ወደዱትና በ1881 በመርከብ ወደ አገራቸው ላኩ። አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። በ1882 እንደገና ላኩ፤ እነዚህ በኦሪገን ሸለቆ ተለቀው ተራቡ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1892፣ አደኑ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን 50,000 ወፍ ተገደለ ይባላል። ከዚያ ወፉ ወደ ምሥራቅ ተስፋፋ። በሳውዝ ዳኮታ፣ ሬድፊልድ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ ገበሬዎች ራሳቸው በ1908 ገደማ ገዝተው ለቀቁት። በ1919 በስፒንክ አውራጃ ለአንድ ቀን ብቻ አደን ተፈቀደ፤ የተገደለውም 200 ያህል ነው። በ1945 የግዛቲቱ የፌዛንት ቁጥር እስከ 16 ሚሊዮን ተገምቶ ነበር። በ1943 የግዛቲቱ ምልክት ሆነ፤ ከቻይና የመጣ እንግዳ የአገር አርማ ሲሆን እንግዲህ ይህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአበርዲን ከተማ ባቡር ጣቢያ የሚያልፉ ወታደሮች በነፃ የሚታደላቸው ሳንድዊች የፌዛንት ሥጋ ነበር። ወጣቶቹ የቀሩት ሩቅ ጦር ሜዳ፣ እርሻው ያለ ሠራተኛ፣ ሜዳው አረም የዋጠው ነበርና ወፉ እንዲያ ቢበዛ አያስገርምም።

ይህን የምለው ለገበሬው ፍርድ ለማጉደል ስላልፈለግሁ ነው። ወፉ «የሁሉ» ቢሆንም የሚቀልበው ገበሬው ነው። የሚጎጆበት ሣር፣ ከበረዶ የሚጠለልበት ቄጠማ፣ በክረምት የሚለቅመው የወደቀ እህል፣ ሁሉም የገበሬው ውሳኔ ነው። ረግረጉን ካጠነፈፈውና እስከ መንገዱ ጠርዝ ካረሰው ወፍ የለም፤ ክስም የለበትም። መንግሥትም ይህን አውቆ ለገበሬው እየከፈለ መሬት ማሳረፍ ጀመረ። በ1956 «የአፈር ባንክ» የተባለ ዕቅድ መጣ፤ እርሱ ሲያበቃ የወፉ ቁጥር አብሮት ወደቀ። በ1985 ሌላ መጣ፤ ገበሬው ከ10 እስከ 15 ዓመት ውል ገብቶ መሬቱን ሣር ያለብሳል፣ በዓመት በዓመቱ ኪራይ ይቀበላል። በ2007 ይህ መሬት በአገሪቱ ሁሉ ወደ 15 ሚሊዮን ሔክታር ደረሰ፤ በዚያ ዓመት ሳውዝ ዳኮታ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ አውራ ፌዛንት ተገደለ። (ሴቲቱን መግደል ክልክል ነው።) ከዚያ መኪና የሚነዳበት አልኮል ከበቆሎ መጠመቅ ሲስፋፋ የበቆሎ ዋጋ ናረ፣ ውሉ ያለቀለት ገበሬ ሣሩን ገለበጠው። ሣሩ ባነሰ ቁጥር የተረፈው ሣር ተወደደ፤ የተወደደ ነገር ደግሞ በር ያበጃል።

ስለ በሩ ያየሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱ ፎልስ የምትኖር የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሳውዝ ዳኮታ ሄጄ ነበር። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የአክስቴ ልጅ ባለቤት የሥራ ባልደረባው የሆነ አንድ አሜሪካዊ፣ ከሰል የመሰለች ላብራዶር ውሻ ያለችው፣ «ታሪክ ትወዳለህ አሉ፤ ና አብረን ደጅ እንምታ» አለኝ። ገና ነሐሴ ነበር፤ አደኑ የሚከፈተው በኦክቶበር ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። ለምን ተቸኮለ አልኩት። «በመክፈቻው ዕለት ጠብመንጃ አንግቶ የሚያንኳኳ ሰው ይከለከላል። ይገባዋልም» አለኝ።

አራት ቤት አንኳኳን። ሰውዬው መኪናውን ከቤቱ ራቅ አድርጎ ያቆማል፣ ውሻይቱን ውስጥ ይተዋታል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ከደጁም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል። የመጀመሪያው ቤት ሰው የለም። ሁለተኛው፣ አንድ ወጣት ገበሬ፣ ትሕትና ባለው ቃል መሬቱን ለአዳኞች ቡድን እንዳከራየ ነገረን። ሦስተኛው «ልጆቼ ይመጣሉ» አለ። አራተኛዋ ባልቴት ነበሩ። ስለ አደን አንድም አልጠየቁም። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ ጠየቁት። ቀጥለው ውሻዋ ከብት ታባርራለች ወይ አሉ። «አታባርርም፣ እማማ፤ ላምና ፈረስ እያየች ነው ያደገችው» አለ (በእንግሊዝኛ ያለው ሌላ ቃል ነው፤ ድምፁ ግን «እማማ» ነበር)። ከረግረጉ ወዲያ ያለውን ሣር በጣታቸው አሳዩት፤ ከጎተራው ወዲህ እንዳትመጣ፣ ቅዳሜ እንጂ እሑድ እንዳትመጣ፣ በሩን የከፈትከውን ዝጋ፣ ሌላ ሰው ይዘህ አትምጣ አሉት። እርሱም የወደቀ የአጥር እንጨት አይቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ እንደሚያቆመው ነገራቸው። ውል አልተጻፈም፣ ገንዘብም አልተነሣ። ስንመለስ በመኪና ውስጥ «ካገኘሁ የተበለተና የታጠበ ሁለት ወፍ አመጣላቸዋለሁ፣ ለገና ደግሞ ካርድ» አለኝ።

ገንዘብ ያልተነሣበት ምክንያት ደግነት ብቻ አይደለም። ባለመሬት ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ክስ ነው፤ እንግዳው ጉድጓድ ገብቶ እግሩን ቢሰብርስ? በዚህ ምክንያት በ1960ዎቹ ብዙ ግዛቶች፣ መሬቱን ያለ ክፍያ ለመዝናኛ የፈቀደ ሰው ለእንዲህ ያለው አደጋ በኃላፊነት እንዳይጠየቅ ሕግ አወጡ። ከፍያ ካስከፈለ ግን ከለላው አብዛኛውን ጊዜ ይቀርበታል። ስለዚህ መካከለኛ ቦታ ይጠፋል፤ ወይ በነፃ ይፈቅዳል፣ ወይ ኢንሹራንስ ገብቶ በወጉ ነጋዴ ይሆናል። ነጋዴ የሆኑትም በርካታ ናቸው። በቀን ከአንድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ፤ አልጋና እራት ያለበት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። አንዳንዶቹ በዶሮ ቤት ያደገ ወፍ ለቀው ያስተኩሳሉ። ሀብታሙ ከሩቅ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ በተከራየው ሣር ላይ ያድናል፣ የአካባቢው ሠራተኛ ከአጥር ውጭ ይቀራል። ሕጉ ለሁለቱም ፈቃድ ይሰጣል። 100 ፓውንድ ርስት የለህም የሚል አዋጅ የለም፤ አዋጁ ግን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ጎረቤታሞች እንኳ በዚህ አይስማሙም። በሳውዝ ዳኮታ ሳይፈቀድ የሰው መሬት መግባት ወንጀል ነው። ድንበሩን ተሻግረው ኖርዝ ዳኮታ ሲገቡ ግን፣ ባለመሬቱ «ክልክል ነው» ብሎ ካልለጠፈ ወይም በኢንተርኔት ካላስመዘገበ ለአዳኝ ክፍት ነው። ያው ሜዳ፣ ያው ወፍ፤ በአንዱ ዝምታ «አይሆንም» ነው፣ በሌላው «ይሁን» ነው። የኖርዝ ዳኮታ ባለመሬቶች ይህን ለማስቀየር ደጋግመው ሞክረዋል።

መንግሥትም ደጁን በሌላ መንገድ አንኳኳ። ካንሳስ ከ97 በመቶ በላይ መሬቷ የግል ነው። በ1995 የአደን ፈቃድ ሽያጭ ከሚያስገኘው ገንዘብና ከመሰሉ ምንጮች እየከፈለች ከገበሬዎች የእግር መንገድ መከራየት ጀመረች፤ መሬቱን ሳይሆን የመግባትን መብት። ጥግ ላይ ምልክት ይተከላል፤ ማንም ሳያንኳኳ ይገባል፣ በእግሩ ብቻ። ዛሬ ስፋቱ ከ400 ሺሕ ሔክታር በላይ ነው። ሌሎቹ የሜዳ ግዛቶችም ተመሳሳይ አላቸው፤ በ2008 የፌዴራሉ የግብርና ሕግ ለዚህ ሥራ ገንዘብ መደበ። እኔ ይህን መፍትሔ እወደዋለሁ፤ የሁሉ የሆነውን ነገር ሁሉም ተዋጥቶ መግቢያውን ይከፍላል። የወቀሳው ቃልም ግን እውነት አለበት፤ ሁሉ የሚገባበት ሣር በመጀመሪያው ሳምንት ይረገጥና ወፉ ወደ ባልቴቷ ሣር ይሸሻል።

ፈረንሳዮች ተቃራኒውን ሞክረው ነበር። በነሐሴ 1789 አብዮቱ የመኳንንቱን የአደን መብት ሻረና ለእያንዳንዱ ባለመሬት ሰጠው። በ1964 የወጣ ሕግ ደግሞ በብዙ አውራጃዎች አነስተኛ መሬት ያላቸው ሰዎች፣ ቢወዱም ባይወዱም፣ የአደን መብታቸውን ለመንደሩ አዳኞች ማኅበር እንዲያዋጡ አስገደደ። አደንን የሚጠሉ ጥቂት ገበሬዎች ከሰሱ፤ በ1999 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የባለመሬቱን ደጅ በሕግ ገንጥሎ መግባትም መጨረሻው ይህ ነው።

የእኛ አንባቢ እዚህ ላይ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅን ማስታወሱ አይቀርም። የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተባለ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። በእኛ ዘንድ እንግዲህ ወፉም ሜዳውም የሁሉ ነው። ሆኖም ዛሬም ትላልቅ አውሬ የሚታደንባቸው ክልሎች ለአደን አስጎብኚ ድርጅቶች በውል የሚሰጡ ናቸው፤ የደጋ አጋዘን ለመግደል ከፍሎ የሚመጣውም የውጭ አገር ሰው ነው። በሩ የት እንዳለ መፈለግ የዳኮታ ሰው ብቻ ጣጣ አይደለም።

በሳውዝ ዳኮታ ደጅ የሌለው ሰው የሚያድንበት አንድ ቦታ ቀርቷል፤ የመንገድ ዳር። በየማይሉ እርሻዎቹን የሚለያየው መንገድ 66 ጫማ ስፋት ያለው የሕዝብ መሬት ነው። አዳኙ ከመኪናው ወርዶ፣ ከቤትና ከከብት 660 ጫማ ርቆ፣ ከሽቦው ወዲህ ባለው ቦይ ሣር ውስጥ ይሄዳል። የመታው ወፍ ከሽቦው ወዲያ ቢወድቅ ጠብመንጃውን አስቀምጦ ባዶ እጁን ገብቶ እንዲያነሣ ሕጉ ይፈቅድለታል። ከባልቴቷ ቤት ስንመለስ የአክስቴ ልጅ ባለቤት ባልደረባ ይህንኑ መንገድ እያሳየ፣ በየዓመቱ የሚያንኳኳቸው ቤቶች እየቀነሱ መምጣታቸውን ነገረኝ። የከለከሉት ስለበዙ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ ልጆቻቸው ሌላ ግዛት ስለሚኖሩ፣ መሬቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ስለሚሆን ነው። በስልኩ ካርታ ላይ የእያንዳንዱን እርሻ ባለቤት ስም ማየት ይቻላል፤ ጣቱን አንዱ ላይ ሲያደርገው የመጣለት የአንድ ኩባንያ ስምና በሌላ ግዛት ያለ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። እርሻው ውስጥ ቤቱ አለ፤ በሩም በቦታው ነው፤ መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተዋል።